ሰማያዊው በርቷል

እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም «አምፖሌ» ነው የሚለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርቼ ያተረፍኩት ይሄን ነው። ይሁን፣ አልቀየምም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ክፍሉ ጣሪያ ሥር ስምንት መብራቶች አሉ። ለማየት የተሰቀሉ አይደሉም፤ ጨረራቸው ወደ ላይ የሚወጣውን አየር እየተቀበለ ጀርሙን ይገድላል። ሲተከሉ «ሰማያዊ ከበራ ይሠራል» አሉኝ፤ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። በየወሩ አንገቴን ቀና አድርጌ አይና መዝገቡ ላይ «በርቷል» ብዬ እፈርማለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በርቷል፣ በርቷል፣ በርቷል!

ባለቤቴ የዚያው ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ናት። ወለሉን ስትወለውል ጭምብሉ ያፍናታል። «አምፖሌ፣ ይሄ ነገር ሊገድለኝ ነው» ስትለኝ፣ «ሰማያዊው በርቶ የለ እንዴ! አውልቂውና ተንፍሺ» ያልኳት እኔ ነኝ። እኔው ራሴ! ምላሴን በቆረጠው ኖሮ።

አሁን ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛችው እሷ ናት። የያዛትም ነቀርሳ መድኃኒት የተላመደው ዓይነት ነው።

ትናንት ጠዋት አንድ ወጣት ባለሙያ የጨረር መለኪያ ይዞ መጣ። በመሰላሌ ወጣ፣ ለካ፣ ወረደ፤ ስምንቱንም እንደዚያ።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ከሞቱ ቆይተዋል» አለኝ።

«አንተ ደግሞ! ይኸው በርተው የለም እንዴ?»

«የሚያዩት ቀለሙን ነው። ጀርም የሚገድለው ጨረር በዓይን አይታይም፤ ዓመት ገደማ ሠርቶ ይደክማል። ቀለሙ ግን ይቀራል። በየዓመቱ መቀየር ነበረባቸው። ሪፖርቱን በዚህ ሳምንት ለአለቆች አቀርባለሁ።»

ክው አልኩ። መሰላሉ ሥር ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእሷማ ምን ብዬ ልንገራት?

ዛሬ ከምሳ በኋላ እህቷ ልጃችንን ይዛ መጣች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ካየች ወር አልፏታል። በሩ ላይ ቆማ «እማዬ!» ስትል ባለቤቴ ከአልጋው ተነሥታ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ በሞቴ ትግባልኝ! አልነካትም፣ እግርጌ ትቁምና ልያት። መብራቱ እንደሆነ በርቷል።»

ነርሷ አንጀቷ አልቻለም። ወደ እኔ ዞረች። «አምፖሌ፣ ይሠራሉ አይደል?»

አዎ ብል ልጄ ትገባለች። አይ ብል ሚስቴ ታውቃለች። ልጅቷ አንድ እግሯን ከደፉ አሳልፋለች።

«እዚያው ቁሚ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች፣ ማልቀስ ጀመረች። ሄጄ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫንኩት። ሰማያዊው ድርግም አለ።

«ምነው አጠፋኸው?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ አላጠፋሁትም። ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። መስኮቶቹን ክፈቱ፣ ሁሉንም ክፈቱ!»

ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች።

«ጭምብሉን አውልቂ ያልከኝ ጊዜም?»

«አዎ።»

አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት! አንሶላውን ስባ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነችና በሌላው እጇ ለእህቷ ምልክት ሰጠቻት፦ ልጄን ውሰጂልኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።