ለድመቷ የተሰጠው ግማሽ ፍሬ

ሲስተር ግራ ገብቷታል። ሠላሳ ዓመት ሕፃናት ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጥታለች፤ ሰፈሩ ዛሬም ሲስተር እንጂ በሌላ አይጠራትም። በሽተኛ ፊት ቆማ የምታደርገው የጠፋባት ቀን የለም። አሁን ግን የእንስሳት ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጥግ ይዛ፣ እንደ ማንኛውም አስታማሚ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

ድመቷ ጠረጴዛው ላይ በጎኗ ተዘርግታለች። ልጆቹ ከቤት ወጥተው ካለቁ ወዲህ ሲስተርና ባሏ የሚጨቃጨቁባትም የሚሳሳቁባትም እሷ ናት። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደርጎላታል፤ ሆዷ ግን እንደተርገበገበ ነው። ከሲስተር የመጨረሻ ልጅ የማትበልጠው ዶክተር ድዷን ገልጣ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ኦክስጅኑ እየገባላት ነው። ታዲያ ድዷ ለምን አይቀላም? እናቴ፣ የሰጧት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም!»

«የአይጥ መርዝስ አላገኘች ይሆን?»

«እኔ ቤት? የት ተገኝቶ!»

ከድመቷ እግር ደም ተቀዳ። ሲስተር በዕድሜዋ ያየችው ደም ተቆጥሮ አያልቅም፤ ቡናማ ደም ግን አይታ አታውቅም። ዶክተሯ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ጠበቀች። አልቀላም።

«እስቲ በደንብ ያስቡ። ፓራሲታሞል አልሰጧትም?»

«እሱማ ጠዋት ስታተኩስ ግማሽ ፍሬ ሰጥቻታለሁ። እሱ ደግሞ መድኃኒት ሆኖ ነው?»

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። የስንቱን ሕፃን ትኩሳት ያበረደችበት ነገር መድኃኒት ተብሎ ይጠየቅበታል ብላ በፍጹም አላሰበችም።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። የድመት ጉበት ይህን ክኒን እንደማይችለው፣ ደሟም ኦክስጅን መሸከም እንዳቃተው ባጭሩ አስረዳቻት። ማርከሻውንም በደም ሥር ጀመረችላት። ከዚያ ሰዓቷን አየች፣ ድመቷን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ለግማሽ ፍሬ ግን በጣም በርትቶባታል። ሌላ መርዝ ካለ ይሄ ማርከሻ አያድናትም። የቱን እንደማክም ማወቅ አለብኝ።»

ሲስተር ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ባሏ አግዳሚው ላይ ቆቡን ይጠመዝዛል። ሚስቱ ሳታዝ ለራሱ እንኳ ክኒን ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ምን አሏት?»

«እኔ ነኝ የገደልኳት። ጠዋት የሰጠኋት ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው አሉ።»

ሰውየው ብድግ አለ። ቆቡ ከእጁ ወደቀ።

«ቀሪውን ግማሽ እኔ ሰጠኋት» አለ። «ገበያ ሄደሽ ሳለ፣ ሰባት ሰዓት ላይ። ትኩሳቷ አልወርድ አለ። እንዳትቆጪኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እንዴት አድርገህ ነው አንተ…»

«አንቺ ስትሰጫት አየሁ እኮ! አንቺ ከሰጠሻት ያድናታል ብዬ ነው።»

ሲስተር ሠላሳ ዓመት ስትቆጣው የኖረችው፣ ያለ እሷ ትእዛዝ ምንም እንዳይነካ ነበር። ይሄኛውንም የነካው አዛለች ብሎ ነው። አልቅሺ አልቅሺ አላት። ቆቡን አንስታ እጁ ላይ አደረገችለትና በሩን ገፍታ ገባች።

«ዶክተር፣ ሌላ መርዝ የለም። የወሰደችው አንድ ሙሉ ፍሬ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የተሰጣት።»

«ማን ሰጣት?» አለች ዶክተሯ መርፌውን እየሞላች።

«እኔ» አለች ሲስተር። «ሁለቱንም የሰጠኋት እኔ ነኝ።»