አባቦ አደይ

የአምቦውን የጽጌ ማኅበር በሙሴነት የሚመራው ማዕረግ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ኦሮምኛ እችላለሁ ይላል። ሰላምታው እንከን የለውም። ችግሩ ከሰላምታ በኋላ ነው።

አምና የከርሞው ጽዋ ለእሱ ሲደርሰው፣ ጠላው ይሁን ደስታው አልታወቀም፣ ብድግ ብሎ «ግቢዬን አደይ በአደይ አድርጌ ባልቀበላችሁ ሙሴነቴን እለቃለሁ!» አለ። ሙሴነቱን የተቀበለው ከአባቱ ነው። ወይዘሮ ድንቅቱ ደግሞ ወንበሩን ስትመኝ የኖረች ሴት ናት። «አባ፣ ሰምተዋል?» አለች ወደ ቄስ ገብረአማኑኤል ዞራ። አባም ሰምተዋል።

አደይ ሳይዘሩት የሚበቅል ነገር ነው። ማዕረግ ግን ነገሩን ለእግዜር ብቻ መተው ከበደው። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሸነን ገበያ ዘር ለምትሸጠው አበልጁ ለጉዴ ደወለ።

«አካም ጂርታ ጉዴ! አባቦ አደይ ላኪልኝ! በደንብ አድርገሽ!» አለ፤ የአደይ አበባ ማለቱ ነው።

ሚስቱ ሀና ከጓዳ ሆና፣ «ኧረ ባማርኛ ንገራት፤ አማርኛዋ ካንተ ይሻላል» አለችው።

«ዝም በይ፣ በቋንቋዋ ስትጠየቅ ደስ ይላታል።»

ጉዴም ደስ አላት። «ቶሌ፣ ቶሌ!» ብላ ተስማማች።

ዘሩ መጣ፣ ተዘራ። ማዕረግ ክረምቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ አረመ። በመስመር ያልበቀለውን ሁሉ ከነጭቃው እየነቀለ ወደ ኦቦ ኢዶሳ ግቢ ወረወረ። የኢዶሳ ግቢ በማዕረግ ግቢ ጉያ የተወሸቀች፣ ዙሪያዋን የታጠረች ጠባብ ቦታ ናት። ኢዶሳ አንድ ቀን አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ፣

«ማዕረግ፣ ይሄ እኮ ኬሎ ነው» አለው።

«ኬሎ ከሆነማ ለላምህ ስጣት!» አለ ማዕረግ፤ የከብት ሣር መስሎት።

መስከረም ላይ አበባው ፈነዳ። ሀና በር ላይ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ፣ «የምንድረው ልጅ አለን እንዴ?» አለች። ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል።

ማዕረግ ስልኩን አነሳ። «ጉዴ፣ ምንድነው የላክሽልኝ?»

«አባቦ አዲ ነዋ! ነጭ አበባ አላልከኝም?»

የማኅበሩ ቀን ጠዋት ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ፣ «እናቴ፣ ወይ አበባውን ቢጫ አድርጊልኝ፣ ወይ ድንቅቱን ጉንፋን አስይዢልኝ። ቀለል ያለ ጉንፋን» ሲል ለመነ።

ድንቅቱ ጤናዋ ተሟልቶ ቀድማ ደረሰች። ሰዉ እስኪሰበሰብ ጠብቃም፣ «ማዕረግዬ፣ አደዩን የት ሸሸግከው?» አለች።

በዚህ መሃል የአጥሩ እንጨት ተንቋቋ። ኢዶሳ አጥሩን እየነቀለ ወደ አንድ ጥግ ይከምራል። ከኋላው መሬቱ አይታይም፤ ሁሉም አደይ ነው።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ ያንተ አበባ ለማዕረግ ምን ይፈይድለታል?» አለች ድንቅቱ።

«የኔ ምን አለበት? ክረምቱን ሲወረውርልኝ የከረመው እሱ ነው። ኬሎ ነው ስለው ለላምህ ስጣት አለኝ። ያን ሁሉ ነፍስ ያለው ነገር ምን ላድርገው? እያነሳሁ ጭቃው ላይ ሰካሁት።»

«ኬሎ ማለት ታዲያ...» አለ ማዕረግ ቀስ ብሎ።

«አደይ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ድንቅቱ አልተበገረችም። «ግቢዬን ነው እንጂ የጎረቤቴን ግቢ አላለም።»

«አጥር ይታይሻል እንዴ?» አላት ኢዶሳ፣ የመጨረሻውን እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ።

ዓይን ሁሉ ወደ አባ ሄደ። አባ ዙሪያውን ያለውን ነጭ አዩ፣ መሃሉ ላይ የተቀመጠውን ቢጫ አዩ።

«ሙሴነቱስ ይቆይለት» አሉ። «ግን ማዕረግ ልጄ፣ ምነው በጽጌ ጾም እንቁላል አቀረብክልን?»

ቀድማ የሳቀችው ድንቅቱ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ብትይዘውም አመለጣት። ማዕረግ ኢዶሳን እጁን ይዞ ከማኅበርተኛው መሃል አስቀመጠው።

«ገለቶማ፣ ኦቦ ኢዶሳ» አለው።

ምስጋናው እንከን አልነበረውም።