የፑዎክ እግር

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የከተማው ሆስፒታልም ነርስ ማሠልጠን ከጀመረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ። ከሠልጣኞቹ መካከል ኛቦል የምትባል የኒውላንድ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ መልስ የማይጠፋት። ኛቦል ከተናገረች ተናገረች ነው። የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን እንኳ እሷ ከተሳሳተች ተከትለዋት ይሳሳታሉ ይባላል፤ ድምፅዋ የሚያጠራጥር አይደለማ!

በዚያ ሰሞን ግን ይህችው ኛቦል መላው ጠፋት። ምክንያቱ ፑዎክ ነው። ፑዎክ ከኢታንግ በኩል የመጣ የኑዌር ጎበዝ ነው፤ ከብት አርቢ፣ ካገባ ዓመት ያልሞላው። በሬ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ጭኑን ወግቶት ሆስፒታል ገብቷል። መጀመሪያ ደህና ነበር። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ቁስሉ ሲታጠብ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ሙቀቱ ሲያስጨንቀው አይታ፣ አልጋውን ከጥጉ አውጥታ ነፋስ ወደሚገባበት መስኮት ያዛወረችው ራሷ ኛቦል ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ።

ምግብ ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። የመጋቢት ሙቀት ሰውን ሁሉ ከጥላ ጥላ ሲያባርር እሱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ይተኛል። ፋሻውን ልትቀይር ብርድ ልብሱን ስትገልጥ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዝባታል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም፤ አልራበኝም» ነው መልሱ። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ እናቷ የሠራችውን ኮፕ፣ ያንን በወተት የራሰ የበቆሎ ቅንጬ፣ ከቤት ድረስ ተሸክማ አመጣችለት። ወይ ፍንክች! ሲጨላልም ጥቂት ውኃና ወተት ይጎነጫል፤ ሌላ የለም። በስድስት ቀን ጉንጩ ሰረጎደ፣ በወጉ ሳይታጠብ የከረመው ቁስሉም መሽተት ጀመረ።

ረቡዕ ጠዋት ዶክተር አስማረ ሠልጣኞቹን አስከትለው ገቡ። ከደጋ የመጡ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ እጃቸው የታመነ፣ ምላሳቸው ግን አያድርስ። ፋሻውን በግድ አስፈትተው ቁስሉን አዩ።

«ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ምግብ እምቢ ብሏል፣ ቁስሉ ይሸታል» አሉ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረው። «መመረዙ ወደ ደሙ እየገባ ነው። እግሩ ነገ ጠዋት ይቆረጣል። አለዚያ ልጁን እናጣዋለን።»

ኛቦል በኑዌርኛ ተረጎመችለት። ፑዎክ አልጮኸም፤ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። እሷ ግን ተናደደች። ከብት አርቢ ሰው ባንድ እግሩ ምን ይሆናል? ባሮ ሲሞላ ከብቱን ነድቶ ወደ ደረቁ መሬት የሚሄደው በምኑ ነው? እግርህን ልንቆርጥ ነው ሲሉት ዝም የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በመስኮቱ በኩል፣ ከፑዎክ ፊት ለፊት ባለው አልጋ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሽማግሌ ነበር። የምታስታምመው እኅቱ ኛጆክ ናት። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኛጆክ የወንድሟን ልብስ ልታጥብ ወደ ባሮ ወረደች። ገና ከበሩ ስትወጣ ፑዎክ ብርድ ልብሱን ወረወረውና «የሚበላ ነገር አለ?» አለ።

ኛቦል ሮጣ ከምሳ የተረፈውን ገንፎ አመጣችለት። ሳያላምጥ ይውጠው ጀመር። ግማሽ ላይ ሲደርስ የኛጆክ ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ፤ ሳሙናዋን ረስታ ተመልሳ ነው። ፑዎክ ሳህኑን አልጋው ሥር ከተተ፤ እስከ አገጩ ተሸፈነ። አፉ ገንፎ እንደሞላ፣ ሳያላምጥ፣ ሳይውጥ፣ ጣሪያውን ያያል።

ኛቦል አንዴ እሱን፣ አንዴ ኛጆክን አየች። አሮጊቷ ሳሙናዋን ይዛ ስትወጣ ተከትላት ኮሪደር ወጣች።

«እናቴ፣ ይህ ልጅ ምንሽ ነው?»

ኛጆክ ወደ ግድግዳው ዞራ «የልጄ ባል» አለች።

በኑዌር ዘንድ ወንድ በአማቱ ፊት አይበላም፤ ገላውንም አይገልጥም። አክብሮት ነው። ሞት ይሻለዋል፣ ይኸው ሊሞትም ነው!

«ታዲያ ምግብ ሲመጣ ለምን አትወጪለትም?»

«ልወጣ ስነሣ ‹አስታማሚ በምግብ ሰዓት አይወጣም፣ ወንድምሽን አጉርሺ› የምትይኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ምክንያቱን ለምን አልነገርሽኝም?»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የኑዌር ልጅ አይደለሽም እንዴ? ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ።»

ኛቦል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ታውቃለች። አባቷ አያቷን በሩቅ ሲያይ መንገድ ሲቀይር እያየች ነው ያደገችው። ነጩን ጋውን የለበሰች ቀን ግን፣ ማንም ሳያዛት፣ የምታውቀውን ሁሉ ደጅ ትታ ነበር የገባችው። እግሩ ቢቆረጥ የቆረጠችው እሷ ናት።

በቀጥታ ወደ መማሪያ ክፍሉ ሄደች። ዶክተር አስማረ ሰሌዳው ላይ እግር ስለው፣ ነገ የሚቆረጥበትን ቦታ በጠመኔ እያሰመሩ ነበር።

«ዶክተር፣ ፑዎክ ደሙ አልተመረዘም።»

«እሺ ፕሮፌሰር» አሉ ሳይዞሩ። «ታዲያ በሽታው ምንድን ነው?»

«አማቱ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «እኔም አማቴ ስትመጣ ምግብ ይዘጋኛል» አሉ እሳቸውም። ኛቦል አልሳቀችም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችና ነገሩን ከሥር ጀምሮ ዘረገፈችው። ብርድ ብርድ ብሎት ከሆነ ስድስት ቀን ሙሉ የሙቀቱ ልክ ለምን ከፍ አላለም? ሰንጠረዡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። ገንፎውንም፣ የምግብ ሰዓቱን ሕግም፣ የራሷንም ጥፋት ሳትደብቅ ተናገረች።

ዶክተሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። «የሙቀት ሰንጠረዡን አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸው ጠጠረ። «ግን ቁስሉ ቁስል ነው። ከተሳሳትሽ እግሩን ብቻ አይደለም የምናጣው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ።»

«ቅዳሜ ጠዋት። ከዚያ አንድ ሰዓት አልጨምርም።»

የፑዎክን አልጋ አራት ሆነው በስተጀርባ ወዳለው በረንዳ አወጡት። ፑዎክ ሦስት ሳህን ኮፕ በላ፤ አራተኛውን የከለከለችው እሷ ናት፣ ሆዱን እንዳያመው። ቁስሉን ጠዋትና ማታ ስታጥብ እግሩን ራሱ ይዘረጋላታል። ዓርብ ግን ትኩሳቱ ከፍ አለ፤ ኛቦልም ፈራች። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃ ሰጠችው፤ ውኃ እያጠጣች፣ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ በሆዷ እየጸለየች ዋለች። አመሻሹ ላይ አላበው።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር አስማረ ፋሻውን ራሳቸው ፈቱት። ሽታው ጠፍቷል። በቁስሉ ዳርና ዳር ቀይ አዲስ ሥጋ ወጥቷል። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉ ቀና ሲሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በሽተኛ ሲተኛ ማንን እንደሚያፍር ይጠየቅ። ጥያቄውን ለሠልጣኞቹ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።»

ኛቦል «እሺ» አለች። ዞር ብላ ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች።

ፑዎክ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተሰናበተ። በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር ኛጆክ ተቀምጣ ነበርና፣ ገና ሲያያት መንገዱን ትቶ በአጥሩ በኩል ዞረ፤ ያንን ሁሉ መንገድ እያነከሰ፣ በሣሩ ውስጥ። እሷም ጀርባዋን ሰጠችው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ እግሩ ከሰው አፍ ብቻ ነበር የምትሰማው።

«እየሄደ ነው?» አለች አጠገቧ ለቆመችው ለኛቦል።

«እየሄደ ነው።»

«አታባብዪኝ። በስንት እግሩ?»

«በሁለቱም፣ እናቴ።»

አሮጊቷ ዘወር አላለችም። የኛቦልን እጅ ይዛ፣ ልጁ ከግቢው እስኪወጣ አልለቀቀቻትም።