ልብ ግድግዳው ላይ

የባዮሎጂ መምህርቷ በሥዕል ችሎታ አትታማም። ልብ ደም እንዴት እንደሚረጭ ለማሳየት በጠመኔ የምትስለውን ተማሪዎቿ «ድንች» ይሉታል።

ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ካገኘ ቆይቷል፤ ግን ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም። ተማሪዎች «ጋሽ ቁልፌ» የሚሏቸው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ አራስ ይጠብቁታል።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ይስጡኝ» አለቻቸው አንድ ጠዋት።

«ቢሰበርስ የኔ ልጅ? የምጠየቀው እኔ አይደለሁ?»

«የተገዛው እኮ ሊሠራበት ነው!»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን እንዲህ ደህና ተቀምጦ ሳለ...»

ተናደደች። እውነቱን ለመናገር ግን እፎይም ብላለች፤ ልጆቹ ፊት ማሽኑ እንቢ ቢላትስ? ዞር ልትል ስትል ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፦

«እንግዲያው አብረውት ይምጡ። እርስዎ ይጠብቁት፣ እኔ ላስተምር።»

ጋሽ ቁልፌ ሳቁ። ቢሆንም ተነሡና ካርቶኑን አቅፈው ተከተሏት።

የክፍሉ ሶኬት አይሠራም። ከጎረቤት ክፍል ገመድ ተዘረጋ፤ መምህርቷም የልብ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሿን ማሽኑ ላይ ሰካች። ፀሐዩ ምስሉን እንዳያጠፋው ደግሞ ተማሪዎች ሹራባቸውን እያወለቁ መስኮቱ ላይ ሰቀሉ። ይሄ ሁሉ ተደርጎ መምህርቷ ማብሪያውን አጣችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ቲቸር፣ በጎኑ ነው» አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

የፈራችው ይህንኑ ነበር። ሲደርስ ግን ምንም አልሆነችም፤ የሳቀባትም የለም። «ተባረኪ» ብላ ተጫነችው።

በር የሚያህል ልብ ግድግዳው ላይ ይመታ ጀመር። ደም ሲገባ፣ ሲወጣ፣ የልቡ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ እያሳየች አስረዳች፤ ድምፅዋም እየጠራ ሄደ። ጋሽ ቁልፌ ማሽኑን ደግፎ የነበረውን እጃቸውን አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ እኔም ውስጥ አለ?»

«አለ እንጂ ጋሼ!»

«ሳያርፍ?»

«ተኝተውም እንኳ አያርፍም።»

«አይ የፈጣሪ ሥራ!» አሉ ጮክ ብለው። ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

መምህርቷ ያን ቀን ቤቷ የገባችው እያንጎራጎረች ነው።

በሳምንቱ ወሬውን የሰማው የጂኦግራፊ መምህር ዕቃ ቤት ሄዶ ፕሮጀክተሩን ጠየቀ።

«ነገ አይሆንም» አሉት ጋሽ ቁልፌ ኮራ ብለው፣ «ነገ ኩላሊት አለን። ከነገ ወዲያ ና፤ ግን እኔም እመጣለሁ።»