ደም ያየ ጫጩት

ድንቅቱን ያየ «ጉንዳን እንኳ አትረግጥም» ይላል። እስቲ ጫጩቶቿን ንኩባት!

ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኢቲቻ ዓለም ገና ከተማ ካለው የጋራ ግቢ ሊያስወጣት ያልፈነቀለው ድንጋይ የለም። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «መቶ ጫጩት አዝዛለች፤ አሳድጋ ራሷን ከቻለች የምትኖርበት ክፍል የእሷ ነው። ካለቁባት ግን ትልቀቅ» ብለው ፈረዱ። ሽማግሌ አይሳሳትም ያለው ማን ነው? የመብራት ቆጣሪው ኢቲቻ ቤት መሆኑን ማንም አላሰበውም።

ጫጩቶቹ በካርቶን ታጭቀው፣ በሚኒባስ ሲንገላቱ ውለው፣ አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው ደረሱ። የእያንዳንዱን መንቁር ስኳር በተበጠበጠበት ውሃ እየነከረች አጠጣቻቸው። አምፖል ዝቅ አድርጋ ሰቀለችላቸው። የሸጠላት ሰውዬ አስጠንቅቋታል፤ «ደም እንዳያዩ! ደም ያየ ጫጩት ወንድሙን ይበላል።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አምፖሉ ጠፋ። ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ። ድንቅቱ ወጥታ ብታዳምጥ የጎረቤት ወፍጮ ይጮኻል። መብራት የጠፋው ለእሷ ብቻ ነው።

መጥረቢያዋን አንስታ የኢቲቻን በር በሁለት ምት ገነጠለችው። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

«አብራው!»

«አንቺ ማን ሆነሽ ነው!» ብሎ ዱላውን እጇ ላይ አሳረፈው። ጣቷ ተተረተረ። በሌላው እጇ ሰነዘረች፤ ብረቱ ትከሻውን ከፈተው።

«ያ ዋቃ! አምላኬ!» ብሎ ግድግዳው ሥር ወደቀ።

መጥረቢያውን አንገቱ ላይ ደገነችበት። «አብራው! ሁለተኛ አልልህም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ተነስቶ የቆጣሪውን ማብሪያ መለሰው።

ሮጣ ተመለሰች። ክምሩን በተነችው፤ ዘጠኙ ታፍነው ሞተዋል። የቀሩትን እያፈሰች አምፖሉ ሥር ስታደርግ የጣቷ ደም ቢጫ ላባቸው ላይ መንጠባጠቡን ልብ አላለችም። ጫጩቶቹ ግን አዩት። ደም የነካውን ከበው በመንቁራቸው ይወጉት ጀመር። አንዱ ዐይኑ ፈሰሰ፤ የሌላው አንጀት ተጎተተ። ብትገፋቸው ይመለሳሉ፤ ብታጥባቸው ብርድ ይገድላቸዋል።

«ወይኔ! በገዛ ደሜ ልጨርሳቸው?»

የባሏ ቀይ ማሊያ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መንጭቃ አምፖሉን ዙሪያውን ጋረደችበት። ክፍሉ ሁሉ ቀላ፤ ደሙ ከላባው አልለይ አለ። መንቁሮቹ ቀስ በቀስ ቆሙ።

ኢቲቻ ዱላውን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ። ሊጮኽ አፉን ከፍቶ ትከሻውን አየ፤ በቀዩ ብርሃን ምንም አይታይም። በእጁ ዳሰሰው፤ ይረጥባል።

«ቆርጠሽኛል አይደል? ደሙ የታለ?»

«እዚያው ነው» አለችው፣ መጥረቢያውን ሳትለቅ። «ጫጩቶቹ ስላላዩት መባላቱን ተዉ። አንተም ተው። ግባና በሩን ዝጋ፤ ብርድ አስገባህባቸው።»