የጨፌ ግርጌ ዋስ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፤ ከተማ የምትባለው የሰው ልጅ የእጁ ሥራ በየዘመኑ ልትታደስ፣ ልትሰፋና ልታምር የሚገባት መሆኑን የሚክድ ጠቢብ የለም፤ በቅሎ ይረግጠው የነበረው ጎዳና በብረት ሐዲድ ቢተካ፣ ጎርፍና ጭቃ የሚፈራረቁበትም ሸለቆ በድልድይ ቢሻገሩት፣ ለዐይን ደስታ ለእግርም ዕረፍት ነው። ነገር ግን የሚያንጽ ሁሉ አስቀድሞ የሚያፈርሰው አለውና፣ ያለ ሕዝብ ፈቃድ ማፍረስም የሚያስነውር ስለ ሆነ፣ ባለ ሥልጣናት በጥንትም ሆነ በዛሬው ዘመን አንድ ልማድ አላቸው፤ ሲሚንቶውን ከፋብሪካ፣ ብረቱን ከባሕር ማዶ ያስመጣሉ፤ አመኔታን የሚያመርት ፋብሪካ ግን በምድር ላይ የለምና እርሱን ከሽማግሌ አንደበት ይዋሳሉ። የተዋሱትን ሲመልሱ የታዩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሽማግሌው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠየቅበት ይኖራል።

ከመናገሻይቱ ከተማ እምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ ጨፌ ግርጌ የሚባል የጭቃ ቤትና የዛገ ቆርቆሮ መንደር ነበረ። በዚያም መሪጌታ ልሳነወርቅ የሚባሉ፣ በግእዝ ቅኔ የበሰሉ፣ በነገር ዐዋቂነትም የተመሰገኑ አረጋዊ ይኖሩ ነበር፤ የመንደሩ እድር ዳኛ እርሳቸው ነበሩና ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወንድማማች በአጥር ቢካሰስ፣ ቃላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቈጠር ነበር። በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኗቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ባፈና ደግሞ በመንገዱ ዳር ጉልት ተቀምጠው በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ነገር ማሽሞንሞን የማያውቁ ባልቴት ነበሩ። የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ሽባ ሆነው አልጋ ላይ በዋሉባቸው ዓመታት ገላቸውን ያጠቡ፣ ያጎረሱ፣ በመጨረሻም ዐይናቸውን የከደኑ እኒሁ ባፈና ናቸው፤ ስለዚህ መሪጌታ ለሹምም ለባለጠጋም የማይበገሩ ኩሩ ሰው ሲሆኑ፣ ለእርሳቸው ብቻ ከመቀመጫቸው ይነሡ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን የከተማው ባቡር በጨፌ ግርጌ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ናሁሰናይ የተባለ፣ በልጅነቱ ከመሪጌታ እግር ሥር ፊደል የቈጠረ፣ ቁመናው ያማረ ንግግሩም የታረመ ጎልማሳ ነበር፤ የቀድሞ መምህሩን ጉልበት ስሞ፣ በቢሮው ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የመጪዪቱን ከተማ ሥዕል በግድግዳው ላይ እያሳየ ብዙ ነገራቸው። በመንደሩ መካከል ታላቅ ጣቢያ እንደሚሠራ፣ በጣቢያውም ዙሪያ ለነዋሪው ፎቅ ቤት እንደሚቆም፣ ሕዝቡ ሕንጻው እስኪያልቅ ብቻ ወደ ከተማው ዳር ወጥቶ እንደሚመለስ፣ ለዚህ ሁሉ የሚጎድለውም አንድ የታመነ አንደበት ብቻ እንደ ሆነ አስረዳቸው። መሪጌታ ሐሳዊ አልነበሩም፤ መማለጃም አልተቀበሉም። ነገር ግን ያረጀ ሊቅ የሚራበው አንድ ረኃብ አለ፤ እርሱም ምክሩ ይፈለግ ዘንድ ነው። ያ ረኃብ በዚያች ሰዓት ጠገበ፤ የጠገበም ሰው ብዙ አይመረምርምና፣ የተነገራቸው ሁሉ የማን ውሳኔ እንደ ሆነ፣ ማንስ ሊሽረው እንደሚችል ሳይጠይቁ፣ ልባቸው ሞቆ ወጡ።

ሕዝቡ በእድሩ ድንኳን በተሰበሰበ ጊዜ መሪጌታ ቆመው ስለ ነህምያ ቅጥር ተናገሩ፤ የፈረሰው ሲታነጽ፣ የተሰደደው ሲመለስ፣ ኢየሩሳሌም በልጆቿ እልልታ ስትሞላ እንዲህ አድርገው ሣሉትና ቤቱን የሚወድ ሁሉ ቤቱን ለመልቀቅ እስኪቸኩል ድረስ የሰሚው ልብ ቀለጠ። ባፈና ብቻ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «የኔታ፣ ባቡሩን አልጠላሁትም። ሹሞቹን እኔ አላውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁኝም። እርስዎን ግን አውቃለሁ። ወደዚሁ ለመመለሳችን ዋሳችን ማን ነው?» አሉ። መሪጌታም ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ «እመት ባፈና፣ ዋሱ እኔ ነኝ፤ በወለላ አፅም» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም፤ ሕዝቡ የሹሞቹን ሳይሆን የእርሳቸውን ቃል ተቀብሎ ዕቃውን ማሰር ጀመረ።

ማፍረሱ ፈጣን ነበር፤ መበተኑ ግን ማንም ያላሰበው ሆነ። እስኪመለሱ የሚያድሩባቸው ቤቶች በዕጣ ተሰጡና፣ ከአንድ ጉድጓድ ውሃ የቀዱ፣ በአንድ ድንኳን ያለቀሱ ሰዎች ወደ አራቱ ማዕዘን ተዘሩ፤ የእድሩ ጡሩንባ ቢነፋ የሚሰማው፣ ቢሰማውም በቀብር ሰዓት የሚደርስ አልነበረም። ባፈና ከሁሉ በራቀው፣ ነፋስ በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ በቆመ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው፤ ያም ሆኖ «ልመለስ አይደለ እንዴ፤ ደንበኛዬን ለምን እበትናለሁ?» እያሉ ገና ሳይነጋ የአውቶቡስ ተራ ይዘው ወደ ቀድሞ ጉልታቸው ይመላለሱ ነበር። ለመሪጌታ ግን፣ ለሽምግልናቸው ክብር ተብሎ፣ ከመሐል ከተማ ሳይርቅ ጥሩ ክፍል ተሰጣቸው። አልለመኑትም፤ ነገር ግን እንቢም አላሉም።

ባቡሩ በሚመረቅበት ዕለት መሪጌታ ካባቸውን ደርበው በክብር ወንበር ተቀመጡ። ከፊታቸው በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የየጣቢያው ስም በወርቃማ ፊደል ተጽፎ ነበርና ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ መልሰውም አነበቡት፤ ጨፌ ግርጌ የለም። ናሁሰናይን በምልክት ጠርተው ቢጠይቁት፣ ዐይኑን ሰብሮ ጣቢያው ወደ ላይኛው የገበያ ማእከል እንደ ተዛወረ፣ የመንደሩም መሬት ለሌላ ግንባታ እንደ ተሰጠ፣ ውሳኔው ከእርሱ በላይ እንደ ነበረ በጆሯቸው ነገራቸው። ቀጥሎም፣ «የኔታ፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው፤ ይመርቁልን» አለ። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌው ሁለት መንገድ ነበራቸው። ተቀምጠው መቅረት ይችሉ ነበር፤ ተነሥተውም እውነቱን መናገር ይችሉ ነበር። ነገር ግን የሺህ ሰው ዐይን ተመለከታቸው፣ ድምፅ ማጉያው ቀረበላቸው፣ ጉልበታቸውም ከኅሊናቸው ቀድሞ ቆመ፤ እንዲህ ያለ የተዋበ ምርቃትም ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሕዝቡ አሜን አለ። መሪጌታም ከእንግዶቹ ጋር ተሳፍረው፣ ባቡሩ ተነሥቶ በቀድሞው መንደር ላይ ሳይዘገይ ሲያልፍ በመስኮት ወደ ታች አዩ፤ ሐዲዱን ከተሸከሙት ዐምዶች መካከል ባፈና ከጉልታቸው ተነሥተው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ እልል ይሉ ነበር።

መሪጌታ ብዙ ጊዜ ከቤት ሳይወጡ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ረጅሙን ሰልፍ ቆመው፣ መኪና አቀያይረው፣ አራቱን ፎቅ እያረፉ ወጥተው ከባፈና ደጅ ደረሱ። ባፈና በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር፤ ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃ አቀረቡላቸው፣ ጣቢያው እንደ ቀረ፣ መሬቱም ለሌላ እንደ ተሰጠ ሲነግሯቸውም አንድ ቃል ሳያቋርጡ ሰሟቸው። ከዚያ፣ «ሲመርቁ ያውቁ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አውቅ ነበር።»

ባፈና እጃቸውን ከሰፌዱ ላይ አነሡ። «ተታለው ቢሆን አብረን እንታለል ነበር፤ አብሮ መታለልም ወግ አለው። እኔ እኮ ድምፅዎን በመንገዱ ዳር ከተሰቀለው ማጉያ ሰምቼ፣ ይኸው ዋሴ ቃሉን ሞላ ብዬ አሜን አልኩ። አልረግምዎትም፤ ወለላን ያጠበ እጅ ለርግማን አይነሣም። ለቀብሬ ግን እንዳይመጡ» አሉ። ይህን ያሉት በቍጣ አልነበረም፤ ስለዚህም ይቅርታ የሚለመንበት ቀዳዳ አልነበረውም። የመንደሩን ሙት ሁሉ ሲሸኙ ለኖሩ የእድር ዳኛ ከዚህ የከበደ ፍርድ ሊፈረድባቸው አይችልምና፣ መሪጌታ ውሃውን ሳይቀምሱ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወረዱ።

ክረምቱ ሲገባ ባፈና የአውቶቡስ ተራ ሲጠብቁ በቆሙበት ወድቀው ዐረፉ። መሪጌታ ወሬውን ሰምተው፣ ባቡሩ እስከሚያደርሳቸው ድረስ በባቡር፣ የቀረውን በእግር፣ በካፊያ ሄዱ፤ ትእዛዙን ግን አላፈረሱም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ። ከጨፌ ግርጌ የደረሰ ሰው አልነበረም፤ አስከሬኑን የተሸከሙት የሕንጻው ነዋሪዎች ነበሩ፤ የሟችን ታሪክ እንዲናገር የቆመውም እንግዳ ሰው ነበርና የአባታቸውን ስም ሳተ፣ የትውልድ ቦታቸውንም አዛብቶ ተናገረ፤ ለአንዲት ሽባ ሴት ስላደረጉት ነገር አንድ ቃል አላለም። ይህን ሁሉ የሚያቀና አንደበት ከቅጥሩ ውጭ፣ በጥቂት ርምጃ ርቀት፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆሞ ነበር። አፈሩ ተመለሰ፤ ሰዎቹ ተበተኑ፤ መሪጌታም ዝናሙ እየመታቸው ወደ ተሰጣቸው ክፍል ተመለሱ፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው በሌላ ጣሪያ ሥር ያድራልና፤ ቃሉ የፈረሰበት ሰው ግን በገዛ ቤቱ ውስጥ ሜዳ ላይ ያድራል።