ከዳቦ ጫፍ የተገኘ ገቢ

ገምጋሚው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ደግሞ ከእሁድ ጀምሬ ቤቱን ስፈትግ ነበር። መስኮቱን ወለወልኩ፣ እግሩ የተሰበረውን ወንበር ጓሮ ወስጄ ሸሸግኩ፣ ክላይቭ ነክሶ የጨረሳቸውን የሸሚዝ ኮሌታዎች አልጋ ስር ወሸቅኳቸው። ሰውዬው የሚመጣው ችግራችንን ሊያይ ነው፤ እኔ ችግሩን ጠርጌ አወጣሁት። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቴልማ ሃርግሪቭስ እባላለሁ፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ክላይቭ አንድ ልጄ ነው፤ አርባ አንድ ሞልቶታል፣ ኦቲዝም አለበት። ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ በራሱ ቤት ይኖራል። ጠዋት ጠዋት ረዳት ትመጣለታለች፤ የምትላከው ከወረዳው ምክር ቤት ነው። ከፋሲካ በፊት ምክር ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ክላይቭ ከሚያገኘው ድጎማ ላይ ለረዳቷ በሳምንት ሃምሳ ሰባት ፓውንድ ያዋጣል ይላል። በጉዳቱ ምክንያት የሚያወጣው ተጨማሪ ወጪ ካለ ግን ተገምግሞ ይቀነስለታል።

አለ ወይ? ኧረ የጉድ ነው! ዋናው ታክሲው ነው። ክላይቭ ሐሙስ ሐሙስ መዋኛ ይሄዳል። አውቶቡስ አይሆንለትም። አንድ ቀን ሞክረን፣ ሁለት ፌርማታ ሳንሄድ ጆሮውን ይዞ ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ ሰዉ እየተራመደው ወረደ። ስለዚህ ያው ታክሲ፣ ያው ሾፌር፣ ሬዲዮ ጠፍቶ፣ ደርሶ መልስ ሃያ ስምንት ፓውንድ። ባለፈው ብርድ ሾፌሩ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሲተኛ፣ ክላይቭ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤቱ አልወጣም። አሥራ አንድ! ሃምሳ ሰባቱን ከከፈለ ለታክሲ የሚተርፈው የለም። ታክሲው ከቀረ ልጄ ደጅ አይወጣም። እኔ የሞትኩ ለታ ደግሞ ከረዳቷ ሌላ ማን በሩን እንደሚያንኳኳለት እንጃ። የኔ ጭንቀት ይኼው ነው፣ ሌላ የለኝም።

ገምጋሚው ሚስተር ኦግደን ይባላል። ልጅ እግር ነው፤ ጫማ ላውልቅ ወይ ብሎ የጠየቀ ጨዋ።

"እንዴት ነዎት ወይዘሮ ሃርግሪቭስ?" አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

"አላማርርም" አልኩት።

እኛ አገር እንዲህ ነው የሚባለው። ጣሪያህ ተነቅሎ ቢሄድም፣ እግርህ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ብታየውም፣ ሰው "እንዴት ነህ?" ካለህ "አላማርርም" ትላለህ። እናቴ በሞተችበት አልጋ ላይ ለሐኪሙ ያለችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነበር።

ኦግደን ብዕሩን አውጥቶ ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁት። "ምሬት፦ የለም" ይላል።

"ኧረ ለሰላምታ ያህል ነው እኮ ያልኩት!"

"የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነበር" አለኝ በትሕትና።

ክላይቭ ለግምገማው እኔ ቤት መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ የጆሮ ድምፅ መከላከያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። "እማዬ፣ እውነት አይደለም" አለ። "እሁድ ዕለት ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆመሽ አልቅሰሻል።"

"ቀልድ ይወዳል" አልኩ እየሳቅኩ።

"ቀልድ አልወድም። ቀልድ ይጨንቀኛል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለው ኦግደን፣ "ቅጹ ላይ የሚፈርሙት እናትዎ ናቸው። መልሱ የፈራሚዋ መሆን አለበት።"

"ጥያቄው ስለ እኔ ነው?"

"ስለ እርስዎ ነው።"

"የምመልሰው ግን እኔ አይደለሁም?"

"ስለተገኙ እናመሰግናለን" አለ ኦግደን።

ቢሆንም መጀመሪያው ላይ ደህና ሄድን ልበል። አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ይዤ ነበር። ምግብ ላይ ስንደርስ ክላይቭ የዳቦውን ነገር አስረዳ። ከአንድ ዳቦ ሁለቱን ጫፍ አይበላም። ከጫፉ ቀጥሎ ያለውንም አይበላም፣ ጫፉን ስለነካ። በሳምንት ከአምስት ዳቦ ሃያ ቁራሽ ሳይበላ ይቀራል። ኦግደን ከቦርሳው አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አወጣና ገለጠ። ተራ ሰው በሳምንት ምን እንደሚበላ፣ ስንት ካልሲ እንደሚጨርስ፣ ስንቴ ልብስ እንደሚያጥብ ሁሉ ተጽፎባታል።

"ተራ ሰው በሳምንት ሁለት ዳቦ ይበላል፤ ከነጫፉ" ብሎ አነበበ።

"ማነው እሱ?" አለ ክላይቭ።

"ማንም አይደለም። አማካይ ነው።"

"የት ነው የሚኖረው?"

"የትም አይኖርም።"

"ታዲያ ዳቦውን የት ይበላዋል?"

ኦግደን መጽሐፏን አገላበጠ፤ እሱ አልተጻፈም። ያም ሆኖ ሒሳቡን ሠርቶ ፊቱ ፈካ አለ። "በሳምንት አራት ፓውንድ ከሃያ ተጨማሪ ወጪ! ጥሩ ጀመርን።" እኔም ደስ ብሎኝ ሻይ ቀዳሁለት፤ ከምድጃ የወጣ የዳቦ ፑዲንግ፣ በወተትና በዘቢብ የተጋገረ ጣፋጭ፣ ቆርጬ ሰጠሁት። አንዴ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"ወይዘሮ ሃርግሪቭስ፣ ይኼ ምንድን ነው? እንዴት ይጣፍጣል!"

እዚህ ላይ "አመሰግናለሁ" ብሎ ዝም ማለት ምን ነበረበት? ግን ተመስግኖ ዝም የሚል ሰው በኛ መንደር አልተወለደም። "ኧረ ምንም አይደል" አልኩት። "በክላይቭ የዳቦ ጫፍ ነው የሠራሁት። አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም።"

ሹካው አየር ላይ ቀረ።

"በጫፉ?"

"አዎ… ማለቴ…"

"እንግዲያው ጫፉ አልተጣለም።" ኮስተር አለ፤ ጉንጩ ላይ ግን ዘቢብ ተለጥፎበታል። "እንዲህ ያለ ፑዲንግ ሱቅ ስንት ያወጣል?"

"ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት፣ አንዱ ቁራሽ ሁለት ከአርባ" አለ ክላይቭ። ልጄ ዋጋ ከጠየቁት ዋጋ ይናገራል፤ ምን ይሁን?

ኦግደን የዳቦውን ወጪ ሰረዘና ከጎኑ ጻፈ፦ "ገቢ፦ ፑዲንግ።" ከዚያ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀኝ። ሰጠሁት! እንግዳ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሹራቡም ላይ ያው ሆነ። ክላይቭ ሱፍ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ትክክለኛው እስኪገኝ አምስት ስድስት እንገዛለን። ኦግደን "የለበሱት ሹራብ እንዴት ያምራል!" ሲለኝ፣ ምላሴ ቀደመኝ። "ይኼ አሮጌ ነገር? ክላይቭ አልለብስም ብሎ የተወው ነው።" ጻፈ፦ "ገቢ፦ የእናት ልብስ።" ከዚያ በኋላ ሰው እያለቀሰ እንኳ ቢያመሰግነኝ አፌን አልከፍትም ብዬ ማልኩ።

በመጨረሻ የታክሲው ጥያቄ መጣ። ኦግደን ደረሰኞቹን ቆጠረ፣ ትክክል ነው አለ። "አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ታክሲው ባይኖርስ?"

አሥራ አንዱን ሳምንት መናገር ነበረብኝ። መጋረጃው ተዘግቶ መክረሙን፣ በብረት ድስት ሾርባ ይዤ መመላለሴን። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር እኮ! ግን ያንን ወጣት ንጹሕ ካልሲ አድርጎ ምንጣፌ ላይ ተቀምጦ ሳየው አፈርኩ። "እንደምንም እንወጣዋለን" አልኩ።

"ይወጡታል" ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። ክላይቭ ብዙ ጊዜ ሰው ፊት አያይም፤ ያን ቀን ግን እኔን አየኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው መጣ። የታክሲው ወጪ ሳይያዝ፣ ፑዲንጉና ሹራቡ ተደምረውበት፣ ሃምሳ ሰባቱ ስልሳ አንድ ከአሥራ አምስት ሆኗል። የኔ ልጅ ከኦቲዝሙ ያተርፋል ማለት ነው! ደብዳቤውን ወለሉ ላይ ወርውሬ ረገጥኩት፤ ከዚያ አንስቼ አራገፍኩትና ይግባኝ ጻፍኩ።

ክላይቭ ይግባኙ እስኪደርስ እውነቱን መመለስ እንድለማመድ ፈረደብኝ። ከእራት በፊት ወጥ ቤት ያስቀምጠኛል፣ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቷን ይሞላል፣ ፊት ለፊቴ ይቆማል።

"እንዴት ነሽ?"

"ደህ…"

"ስህተት። እንዴት ነሽ?"

"ይኸው እንዳየኸኝ…"

"ስህተት። ያየሁትን አልጠየቅኩም።"

አራት ቀን ሙሉ ወደቅኩ። በአምስተኛው ቀን "ጉልበቴን ያመኛል" አልኩ፤ ፊቴ በርበሬ መሰለ። ገበያ መሃል ቀሚሴን ያወለቅኩ ያህል ነው ያፈርኩት።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለ ክላይቭ።

"ሦስት ዓመት ሆነው።"

"ደረጃዬን ስትወጪ ቀስ የምትይው እኔ ጋ መምጣት ስለማትፈልጊ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

ሰዓቷ ጮኸች፤ ተነስቼ ድንች መላጥ ጀመርኩ።

ይግባኙ የተሰማው ምክር ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኦግደን አለ፤ ከጎኑ አለቃው ወይዘሮ ትሬልፎል፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የተንጠለጠለ። እኔ ሌሊቱን ሁሉ ሳነበንብ አድሬአለሁ። ጉልበቴ፣ እንቅልፌ፣ አሥራ አንዱ ሳምንት፣ ሁሉ ተሰልፏል።

"እንዴት ነዎት ወይዘሮ ሃርግሪቭስ?" አሉኝ ወይዘሮ ትሬልፎል።

"አላማርርም፤ እርስዎስ?"

"አላማርርም" አሉ እሳቸውም።

ኦግደን ምልክት አደረገ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ሰማሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ አራት ቀን የወደቅኩትን ፈተና እንደገና ወደቅኩ!

ክላይቭ ተነሳ። "ተሳስታለች" አለ።

"ፈራሚዋ ናቸው መናገር ያለባቸው…" ብሎ ኦግደን ጀመረ።

"ለእርስዎ አይደለም የምናገረው። ለእናቴ ነው።" ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ግን ትከሻዬ ላይ ነው። "እማዬ፣ ሾፌሩ የታመመ ጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ካፖርቴን ለብሼ፣ ፎጣዬን ይዤ በሩ ላይ እቆም ነበር። ረዳቷ ከሄደች በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። መውጣት አልቻልኩም፤ መቀመጥም አልቻልኩም። በመጀመሪያው ሐሙስ ከሰዓት አንቺ መጣሽ። ጎረቤትሽ ደወለችልሽ፤ 'ክላይቭ ደህና ነው፣ እያረፈ ነው' አልሻት። ሰማሁሽ። አንቺ ስለ እኔ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ደህና ማለት እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ ደህና ሲሆን ደረቱን እንደዚህ ያመዋል፣ ግን እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ነው ለማንም ያልነገርኩት።"

ካፖርቱን አላውቅም ነበር። በእናቴ አጥንት አላውቅም ነበር። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ነበር የማገኘው። ለሰው ክብሬን ስጠብቅ፣ ልጄን ስለ ገዛ ሥቃዩ አሳሳትኩት።

ከዚያ ማን ያቁመኝ? ጠረጴዛውን በጥፊ መትቼ ጀመርኩ። ጉልበቴን አልኩ፣ መጋረጃውን፣ ሾርባውን፣ የተበላ ኮሌታውን፣ እሁድ እሁድ ማጠቢያው ጋ ማልቀሴን። "ልሞት ነው እኮ!" አልኳቸው። "ዛሬ አይደለም፣ ግን ልሞት ነው። ያኔ ይኼ ልጅ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ሲቆም ማን ሊያየው ነው? አልቻልኩም! ሰማችሁ? አልወጣነውም! ያ ታክሲ ከቀረ ልጄ እቤቱ ውስጥ ያልቃል!" አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ በእጅጌዬ ጠረግኩት። ከተወለድኩ ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ኦግደን ቅጹን ያያል። "ችግሩ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ምሬት የለም የሚለው በቀለም ተጽፏል። መለወጥ የሚቻለው ሁኔታው ተለውጧል የሚል ቅጽ ሲሞላ ነው። እሱ ደግሞ ለውጡ የተከሰተበትን ቀን ይጠይቃል።"

"ስጣቸው" አሉ ወይዘሮ ትሬልፎል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

ቅጹ መጣ። ከላይ አንድ ባዶ መስመር አለ፦ ነገሩ የከበደበት ቀን።

"የተወለድኩበትን ቀን ጻፊ" አለኝ ክላይቭ። "ትክክለኛው እሱ ነው።"

"አይደለም።"

"ኦቲዝም ያለበት ሰው የተወለደው ያን ቀን ነው። ወጪው የጀመረው ያን ቀን ነው።"

"አይደለም አልኩህ! አንተ በተወለድክ ቀን የከበደ ነገር የለም።"

ብዕሩን ተቀብዬ ጃንዋሪ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ያ የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ወይዘሮ ትሬልፎል ከዚያ ቀን ጀምሮ የታክሲው ወጪ ሙሉ በሙሉ ይያዝ ብለው ከሥሩ ፈረሙና፣ ማኅተሙን ከማድረጋቸው በፊት ቀና አሉ።

"ለመዝገቡ ያህል፣ በዚህ ቀን የተለወጠው ምንድን ነው?"

"ልጄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ" አልኩ። "እኔ ለሰው ደህና ነው አልኩ።"

እንዳልኩት አድርገው ጻፉት።